የድሮ ኪቦርድን ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት የትኛውን መንገድ ልምረጥ?

የአይቢኤምን ሞዴል ኤም ኪቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣ ሰው አፉ ላይ የሚመጣው ቃል «ይከብዳል!» ነው። እውነትም ይከብዳል፤ ከ2 ኪሎ በላይ ነው። ሆዱ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የብረት ላሜራ አለ። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ደግሞ አንዲት ቀጭን ሞላ ቆማለች። ቁልፉ ሲጫን ሞላዋ ጥቂት ትታገሥና ድንገት ወደ ጎን ትታጠፋለች፤ ስትታጠፍ ሥሯ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ትገለብጣለች፤ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ይሰማል፣ ፊደሉም ይጻፋል። ጣት የሚሰማውና ኮምፒውተሩ የሚቀበለው በአንድ ቅጽበት ይሆናሉ። ይህን ስሜት የለመደ ሰው ወደ ሌላ ኪቦርድ መመለስ ይቸግረዋል። እኔ አልተመለስኩም።

ችግሩ ያለው ኬብሉ ጫፍ ላይ ነው። ክቡ መሰኪያ አዲስ ኮምፒውተር ላይ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ይህን ለመፍታት አራት መንገዶች አሉ፦ የተዘጋጀ መቀየሪያ መግዛት፣ መቀየሪያውን ራስ ሠርቶ ኬብሉ መሀል ማስገባት፣ መቀየሪያውን ኪቦርዱ ውስጥ መደበቅ፣ ወይም የኪቦርዱን ዋና ቦርድ አውጥቶ በአዲስ መተካት። አራቱንም ሞክሬያለሁ። አቋሜን ከአሁኑ ልናገር፦ ኪቦርዱ በራሱ ጤነኛ ከሆነ አዲሱን ኤሌክትሮኒክስ ኬብሉ ላይ አድርጉት እንጂ ሆዱን አትንኩ። አራተኛው መንገድ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ ለታመመ ነው።

በመጀመሪያ የኪቦርዱን ቋንቋ እወቁ

የመሰኪያው ቅርጽ ያሳስታል። በ1981 ከመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ጋር የወጣው ባለ 83 ቁልፍ ኪቦርድና በ1984 ኤቲ ከተባለው የአይቢኤም ኮምፒውተር ጋር የወጣው ባለ 84 ቁልፍ ኪቦርድ ያው አንድ ዓይነት ትልቅ ክብ መሰኪያ፣ ባለ 5 ፒን፣ አላቸው። ቋንቋቸው ግን አይገናኝም። የመጀመሪያው፣ በተለምዶ ኤክስቲ የሚባለው፣ የተጫነውንና የተለቀቀውን ቁልፍ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፤ «ይህን መብራት አብራ» የሚል ትእዛዝ ግን ከኮምፒውተሩ አይቀበልም። ሁለተኛው ይናገራልም ይሰማልም። የካፕስ ሎክ መብራት ኪቦርዱ ላይ ሊመጣ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1987 የፒኤስ/2 ኮምፒውተሮች ሲወጡ መሰኪያው አንሶ ባለ 6 ፒን ሆነ፤ ቋንቋው ግን የኤቲው እንደሆነ ቀጠለ። ስለዚህ ከትልቁ ክብ ወደ ትንሹ ክብ የሚያሸጋግረው ቁራጭ ውስጡ ሽቦ ብቻ ነው፤ ለኤቲ ኪቦርድ ይሠራል። ያንኑ ቁራጭ ኤክስቲ ኪቦርድ ላይ ብትሰኩት መሰኪያው ልክ ይሆንና ኮምፒውተሩ አንዲት ፊደል አይጽፍም። ብዙ ሰው ደህናውን ኪቦርድ «ሞቷል» ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።

እንዴት ትለያላችሁ? ቁልፎቹን ቁጠሩ። 83 ከሆኑና የመቆለፊያ መብራቶች ከሌሉት ኤክስቲ ነው። 84 ቁልፍና ሦስት መብራት ካለው ኤቲ ነው። 101 ቁልፍ ያለው፣ የፊደሎቹ ክፍል፣ የቀስቶቹና የቁጥሮቹ ክፍል ዛሬ እንደምናውቀው የተከፋፈለው፣ ሞዴል ኤም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ገልብጡትና የጀርባውን ወረቀት አንብቡ፤ የክፍል ቁጥሩና የተሠራበት ቀን እዚያ ላይ አለ። 1391401 የሚል ቁጥር ካያችሁ ከሁሉ በብዛት የሚገኘው የሞዴል ኤም ዓይነት ነው፤ ለክፍሎችም ሆነ ለመረጃ የሚመች እሱ ነው። 122 ቁልፍ ያለው ግዙፍ ኪቦርድ ካጋጠማችሁ ደግሞ ለተርሚናል የተሠራ ነው። እሱ ከኤክስቲና ከኤቲው የተለየ ሦስተኛ የቁልፍ ኮድ ስብስብ ስለሚጠቀም የተዘጋጁ መቀየሪያዎች በአብዛኛው አይገባቸውም፤ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው መንገድ እለፉ።

አንድ ነገር ከምርጫው ላውጣ። ከአሮጌ ማውሶችና ኪቦርዶች ጋር ይመጣ የነበረው ትንሹ ወይን ጠጅ ወይም አረንጓዴ ቁራጭ፣ በአንድ በኩል ፒኤስ/2 በሌላ በኩል ዩኤስቢ የሆነው፣ እዚህ አይረዳም። ውስጡ ሽቦ ብቻ ነው። ሥራውን የሚሠራው ሁለቱንም ቋንቋ አስቀድሞ የሚያውቅ ኪቦርድ ሲሰካበት ብቻ ነው። የመጀመሪያው የዩኤስቢ ደንብ የወጣው በ1996 ነው፤ በ1980ዎቹ የተሠራ ኪቦርድ ገና ያልተወለደ ቋንቋ ሊያውቅ አይችልም። የሚያስፈልገን በመካከል ተቀምጦ የሚተረጉም ቺፕ ያለበት መቀየሪያ ነው።

የተዘጋጀ መቀየሪያ፦ ለችኩልና ካውያ ላልያዘ

ትገዙታላችሁ፣ ትሰኩታላችሁ፣ ትጽፋላችሁ። ጥሩ ሲሆን ከዚህ የሚቀል የለም። መጥፎ ሲሆን ግን ጥፋቱ በመጀመሪያው ቀን አይታይም።

የመጀመሪያው ድክመት ኃይል ነው። የ1980ዎቹ የኪቦርድ ቦርድ ከዛሬዎቹ አብልጦ ኃይል ይበላል። የዩኤስቢ ሶኬት መጀመሪያ ላይ የሚፈቅደው 100 ሚሊአምፔር ነው፤ ከዚያ በላይ ለማግኘት፣ እስከ 500፣ መሣሪያው ራሱን አስተዋውቆ መጠየቅ አለበት። ርካሹ መቀየሪያ ትንሽ ይጠይቃል፤ ኪቦርዱ ሲጠማ መብራቶቹ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ፣ ወይም አንዳንድ ጊዜ ሠርቶ አንዳንድ ጊዜ ይተኛል።

ሁለተኛው ድክመት በፍጥነት ስትጽፉ የሚመጣው ነው፤ እሱን ትንሽ ላብራራ። በኤቲ ቋንቋ ቁልፍ ሲጫን አንድ ኮድ ይሄዳል። ሲለቀቅ ደግሞ በመጀመሪያ «የሚከተለው ተለቋል» የሚል ቅድመ ኮድ ይሄድና ያው ኮድ ይደገማል። እያንዳንዱ ኮድ በ11 ቢት ተጠቅልሎ ነው የሚጓዘው፦ አንድ መነሻ፣ ስምንት የኮዱ፣ አንድ ማረጋገጫ፣ አንድ መዝጊያ። ሰነፍ መቀየሪያ ከእነዚህ አንዱን ሳይቀበል ቢያልፍና ያለፈው ቅድመ ኮዱ ከሆነ፣ የተለቀቀው ቁልፍ እንደገና የተጫነ ይመስለዋል። ሺፍት ላይ ሲሆን ሁሉም ፊደል ትልቅ ይሆንባችኋል፤ ኮንትሮል ላይ ሲሆን ደግሞ የምትጽፉት ፊደል ሁሉ ትእዛዝ ይሆንና የጻፋችሁት ይጠፋል። ይህ እኔ ላይ ደርሷል፤ ለግማሽ ቀን ጥፋቱን ኪቦርዱ ላይ ስፈልግ ነበር። መቀየሪያውን ስቀይር ኪቦርዱ ምንም አልነበረበትም።

ስለዚህ መቀየሪያ ስትገዙ የመጀመሪያውን ሰዓት ለፍተሻ ስጡት። አንድ ገጽ በምትችሉት ፍጥነት ጻፉ፣ በየቃሉ መጀመሪያ ሺፍት እየተጫናችሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ሺፍቱ ተጭኖ ከቀረ መልሱት። ሻጩንም ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ኤክስቲ ይቀበላል ወይ? ቁልፎችን ለመቀየር ይፈቅዳል ወይ? የብዙዎቹ መልስ ለሁለቱም «አይ» ነው። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል አይምሰላችሁ። ባለ 101 ቁልፉ ሞዴል ኤም የዊንዶውስ ቁልፍ የለውም። የዛሬን ኮምፒውተር ያለዚያ ቁልፍ መጠቀም በየደቂቃው እጅን ወደ ማውስ መላክ ነው።

ራሳችሁ የምትሠሩት መቀየሪያ፦ የኔ ምርጫ

ሥራው አራት ሽቦ ነው፦ 5 ቮልት፣ ግራውንድ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ)፣ ክሎክ (የቢቶቹን ጊዜ የሚመታው) እና ዳታ (ኮዱን የሚያደርሰው)። ትንሽ የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ (ፕሮግራም የሚጫንበት ቺፕ ያለው) ኪቦርዱን እያዳመጠ ለኮምፒውተሩ በዩኤስቢ ይተረጉማል። ፈርምዌሩን፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ የሚቀመጠውን ፕሮግራም፣ ከባዶ መጻፍ አይጠበቅባችሁም፤ ቲኤምኬና ኪውኤምኬ የሚባሉት ነፃ ፈርምዌሮች ለዚህ ሥራ የሚሆን ዝግጁ ኮድ አላቸው። ካውያ ይዞ የማያውቅ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ ማታ ሊጽፍበት ይችላል።

የኪቦርዱን ኬብል ግን አትቁረጡ። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ የሚቆረጠው የፒኤስ/2 ማራዘሚያ ኬብል ነው። ማራዘሚያውን መሀል ላይ ቆርጣችሁ ሶኬት ያለበትን ወገን ብቻ ውሰዱ፤ ኪቦርዱ እዚያ ይሰካል፣ የተቆረጠው ጫፍ ቦርዱ ላይ ይበየዳል። የኪቦርዱ ኬብል እንደተሠራ ይቀራል።

የሽቦዎቹን ቀለም አትመኑ፤ አንዱ አምራች ቀዩን ለ5 ቮልት ያደርጋል፣ ሌላው ለዳታ። ማልቲሜትሩን ድምፅ በሚሰጥበት ቦታ ላይ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ሽቦ ከእያንዳንዱ ፒን ጋር ፈትሹና በወረቀት ጻፉት። በፒኤስ/2 ላይ ፒን 1 ዳታ፣ 3 ግራውንድ፣ 4 ባለ 5 ቮልት፣ 5 ክሎክ ነው፤ 2 እና 6 ባዶ ናቸው። በትልቁ ባለ 5 ፒን ክብ ላይ ደግሞ 1 ክሎክ፣ 2 ዳታ፣ 4 ግራውንድ፣ 5 ባለ 5 ቮልት ነው። ሥዕል ስታዩ የመሰኪያው ነው ወይስ የሶኬቱ ብላችሁ ጠይቁ፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው። ግራና ቀኝ ተገልብጦባችሁ 5 ቮልቱን ዳታ ላይ ብትሰጡ የሚጎዳው ምትክ የማይገኝለት ኪቦርድ ሊሆን ይችላል።

ቦርድ ስትመርጡ ዋናው ጥያቄ ቮልቴጅ ነው። አሮጌው ኪቦርድ የሚናገረው በ5 ቮልት ነው። ኤቲሜጋ 32ዩ4 ቺፕ ያለባቸው ቦርዶች፣ እንደ ፕሮ ማይክሮና ቲንሲ 2.0 ያሉት፣ በ5 ቮልት ይሠራሉ፤ ሽቦውን በቀጥታ መበየድ ይቻላል። ፕሮ ማይክሮ በ3.3 ቮልት የሚሠራ ዓይነትም ስላለው ስትገዙ ባለ 5 ቮልቱን ለዩ። በ2021 የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ፒኖቹ ግን 3.3 ቮልት ናቸው። በሁለቱ መካከል ቮልቴጁን የሚያስማማ ትንሽ ሰሌዳ ያስፈልጋል። እኔ በመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ባለ 3.3 ቮልት ቦርድ ላይ ያለ ማስማሚያ በየድኩ። ለሦስት ሳምንት ሠራ። ከዚያ የክሎኩ ፒን ጸጥ አለ፤ ሌሎቹ ፒኖች ደህና ነበሩ፣ እሱ ብቻ። «ሠርቷል» ማለት «ልክ ነው» ማለት እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ። አሁን ለዚህ ሥራ ከኤቲሜጋው አልወጣም።

ኪቦርዱ የማይናገር ከሆነ ሌላው የሚፈተሸው የክሎክና የዳታ ሽቦዎች ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ማንም ሳይጎትታቸው ወደ 5 ቮልት ከፍ ብለው መቆየት አለባቸው። በየሽቦው ከ5 ቮልቱ ጋር አንድ አንድ የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ማድረግ ብዙ የሚመጣ የሚሄድ ጥፋትን ያስቀራል።

የፕሮ ማይክሮ ድካም የዩኤስቢ አፉ ነው። ማይክሮ ዩኤስቢ ያለበት ዓይነት ኬብሉ ሲሳብ አፉ ከነመዳብ መስመሩ ይነቀላል። አፉ ዙሪያ ጠንካራ ሙጫ አፍሱበት፤ ወይም ዩኤስቢ ሲ ያለበትን ፈልጉ። ኬብሉ ሲጎተት ጉልበቱ ብየዳው ላይ እንዳያርፍም ቦርዱን በትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አድርጉና ኬብሉን መግቢያው ላይ ቋጥሩት።

ከዚህ ሁሉ ድካም የሚገኘው ምንድን ነው? ኪቦርዱ የእናንተ ይሆናል። ካፕስ ሎክን የዊንዶውስ ቁልፍ ማድረግ፣ ወይም ለአጭር ጊዜ ሲነካ ኢስኬፕ፣ ሲያዝ ኮንትሮል እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ባለ 83 ቁልፉ ኤክስቲ ለብቻው የቆሙ ቀስቶች የሉትም፤ ቀስቶቹ ከቁጥሮቹ ጋር በአንድ ቁልፍ ላይ ናቸው። አንድ ቁልፍ ሲያዝ ሌሎቹ ቁልፎች ሌላ ሥራ የሚይዙበትን ሁለተኛ ንብርብር በመፍጠር ቀስቶቹን ጣት ሳይርቅ ማምጣት ይቻላል። ለውጡ የሚቀመጠው መቀየሪያው ውስጥ ስለሆነ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩት ምንም ሶፍትዌር ሳትጭኑ ይከተላችኋል። በሥራ ቦታ ኮምፒውተራቸው ላይ ፕሮግራም መጫን ለማይፈቀድላቸው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መቀየሪያውን ሆዱ ውስጥ መደበቅ

ጠረጴዛው ላይ የሚንጠለጠል ሳጥን የማይወዱ አሉ። ያው በሁለተኛው መንገድ የሠራችሁት መቀየሪያ ኪቦርዱ ውስጥ ይገባል፣ ወደ ውጭ የሚወጣው አንድ የዩኤስቢ ኬብል ብቻ ይሆናል። የሞዴል ኤም ሆድ ሰፊ ነው፤ ለትንሽ ቦርድ ይበቃል።

እዚህ ላይ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ወደ ኋላ ልመልሰው ብል እችላለሁ? 1391401ን ከመሰሉት ብዙዎቹ ኬብላቸው ከጀርባ ተነቃይ ነው፤ ኤስዲኤል የሚባል አራት ማዕዘን ሶኬት አላቸው። የእነዚህን ሆድ መክፈት አያስፈልግም። ከኤስዲኤል የሚጀምር ሌላ ኬብል አግኝታችሁ መቀየሪያውን ጫፉ ላይ ብታደርጉት ውጤቱ ያው ነው፤ የመጀመሪያው ኬብል መሳቢያ ውስጥ በደህና ይቀመጣል። ኬብላቸው የማይነቀል የኋለኞቹን ስትከፍቱ ደግሞ ኬብሉ ዋናው ቦርድ ላይ በማገናኛ የተሰካ ሆኖ ካገኛችሁት ንቀሉት እንጂ አትቁረጡት። ከብረቱ ላሜራ ጋር በቪቴ የታሰረ የግራውንድ ሽቦ ካለ ሥራው ሲያልቅ መልሳችሁ እሰሩት።

ቀፎውን ለዩኤስቢ አፍ ብሎ መብሳትን አልደግፍም። በትራፓኖ የተበሳ ፕላስቲክ አይደፈንም። ኬብሉን በነበረው ቀዳዳ አውጡት።

ቀፎውን የሚይዙት ከኋላ ጠርዝ ያሉ አራት ባለ 5.5 ሚሊሜትር ስድስት ማዕዘን ቪቴዎች ናቸው፤ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለገቡ ተራ ቁልፍ አይደርሳቸውም። ረጅምና ግድግዳው ስስ የሆነ የቱቦ ካቻቢቴ ያስፈልጋል። በፒንሳ ጫፍ የሚታገሉ ሰዎች ቀፎውን ሲቧጭሩት አይቻለሁ፤ ትክክለኛውን ካቻቢቴ ሳታገኙ አትጀምሩ።

ዋናውን ቦርድ መተካት

ይህ ከአራቱ ከባዱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጓጓለትም እሱ ነው። አሮጌው ቦርድ ይወጣል፣ ከቁልፎቹ ሥር ካለው ስስ የፕላስቲክ ወረቀት፣ ከሜምብሬኑ፣ የሚመጡት መስመሮች በቀጥታ አዲሱ ማይክሮኮንትሮለር ላይ ይገባሉ። ትርጉም የለም፣ መካከለኛ የለም፤ ኪቦርዱ ራሱ ዩኤስቢ ይሆናል፣ ኃይልም ይቆጥባል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ በእርግጥ ቦርዱ ሞቷል? ኪቦርዱን ስትሰኩት ሦስቱ መብራቶች ለቅጽበት በርተው ይጠፋሉ፤ ይህ ራሱን ፈትሾ መነሣቱን ያሳያል። መብራቶቹ ብልጭ ካሉና ጥቂት ቁልፎች ብቻ የማይሠሩ ከሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው ቦርዱ ላይ አይደለም፤ የሜምብሬኑ ጅራት፣ መስመሮቹን ወደ ቦርዱ የሚያደርሰው ጫፉ፣ ማገናኛው ላይ ላልቶ ወይም ቆሽሾ ይሆናል። ጅራቱን አውጥቶ ማጽዳትና መልሶ ማስገባት ሥራውን ይጨርሰዋል።

ቦርዱ በእርግጥ ከሞተ የፒን ቁጥር ቁጠሩ። ሞዴል ኤም ውስጥ ቁልፎቹ በ16 እና በ8 መስመሮች መገናኛ ላይ ናቸው፤ በድምሩ 24 ፒን ይፈልጋል። ፕሮ ማይክሮ ወደ ውጭ ያወጣው 18 ብቻ ነው፤ አይበቃም። ቲንሲ 2.0 25 አለው፤ ለቁልፎቹ በቅቶ ለሦስቱ መብራቶች ይጎድለዋል። ፒኮ 26 አለው፤ እሱም ለሦስተኛው መብራት አንድ ይጎድለዋል። እዚህ ላይ ግን የፒኮ 3.3 ቮልት ችግር አይሆንም፤ ሜምብሬኑ የራሱ ኤሌክትሪክ የለውም፣ የሰጣችሁትን ነው የሚመልሰው። መብራቶቹን ለምትፈልጉ ቲንሲ ፕላስ ፕላስ 2.0 ከ40 በላይ ፒን አለው። ለሞዴል ኤም ተብለው የተዘጋጁ ምትክ ቦርዶችም አሉ፤ ማገናኛዎቹ በልካቸው ስለተቀመጡ ጅራቱን ከማሰቃየት ያድናሉ።

ጅራቱ ላይ ልቆይ፤ የኔ ስሕተት እዚያ ነበርና። ጅራቱ እንደ ማስታወሻ ደብተር ሽፋን ስስ ነው፤ መስመሮቹ የታተሙ እንጂ ሽቦ አይደሉም። ከማገናኛው ሲወጣ በሁለት እጅ ተይዞ ቀጥ ብሎ ነው መሳብ ያለበት። እኔ በአንድ እጅ ከአንድ ጥግ ጀመርኩ። ምንም ድምፅ አልተሰማም። ሲገጣጠም ግን አንድ ሙሉ ረድፍ ቁልፍ ዝም አለ። በአጉሊ መነጽር ሳየው ከዳር ያለው መስመር ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ የብር ቀለም በቀጭን ብሩሽ ሁለት ጊዜ ቀባሁት፤ እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ጠበቅሁ። ረድፉ ተመለሰ። ይሁን እንጂ ያ ጅራት እንደገና ይወጣል ብዬ አላምንም።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው ተስፋ አድርጎ የሚያጣው ነው። «አዲስ ቦርድ ካስገባሁ የፈለግሁትን ያህል ቁልፍ አንድ ላይ መጫን እችላለሁ» ይላሉ። አይችሉም። ገደቡ ያለው ሜምብሬኑ ላይ ነው። በመስመሮቹ መረብ ላይ የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ማዕዘኖች አንድ ላይ ሲጫኑ ኤሌክትሪኩ ዞሮ በአራተኛው ማዕዘን ይወጣል፤ ቦርዱ አራተኛው የተጫነ ይመስለዋል። ይህን የሚከለክለው በየቁልፉ ዳዮድ፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል፣ ማስቀመጥ ነው፤ ሜምብሬኑ ላይ ዳዮድ የለም። አሮጌው ቦርድም አዲሱም የሚያደርጉት አጠራጣሪውን መተው ብቻ ነው። ለጽሑፍ ሥራ ይህ አይሰማም፤ ለጨዋታ ብላችሁ ቦርድ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ግን ተዉት።

ስለ ሞዴል ኤፍ አንድ ቃል። በ1981 እና በ1984 የወጡት ከላይ የጠቀስኳቸው ኪቦርዶች ሞዴል ኤፍ ናቸው፤ ሞላቸው ይመሳሰላል፣ ሥሩ ግን ሌላ ነው። ሜምብሬን የላቸውም፤ ከሞላው ሥር ያለው ጠፍጣፋ አካል ከሰርኪዩቱ ሰሌዳ ላይ ሲነሣና ሲያርፍ የሚለወጠውን ካፓሲታንስ (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅም) ነው የሚለኩት። ስለዚህ ብዙ ቁልፍ አንድ ላይ መጫን በእነሱ ላይ ችግር አይደለም። ተራ ማይክሮኮንትሮለር በቀጥታ አያነባቸውም፤ ለዚሁ ለካፓሲታንስ የተሠራ ልዩ ቦርድ ይፈልጋሉ። ቦርዱ እየሠራ ያለ ሞዴል ኤፍ በእጃችሁ ካለ ቀፎውን እንኳ አትክፈቱ፤ መቀየሪያ ብቻ ስጡት።

ቀፎው ከተከፈተ አይቀር

ሞዴል ኤምን ከፍታችሁ ስትገለብጡት ከላሜራው ጀርባ ላይ የጥቁር ፕላስቲክ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። ላሜራውን ከቁልፎቹ ቤት ጋር የያዙት እነዚህ ቀልጠው የተጨፈለቁ ሪቬቶች ናቸው። ዕድሜ ያደርቃቸዋል፤ ራሳቸው እየተቆረጠ ቀፎው ውስጥ ይንቀጫቀጫል። ኪቦርዱን ስታነቃንቁት የአሸዋ ዓይነት ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው። ብዙ ሲወድቁ ላሜራው ይላላል፣ አንዳንድ ቁልፍ ጠንከር ካልተባለ አይጽፍም።

መፍትሔው ሪቬቱን በቡሎን መተካት ነው፤ ይህም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የወደቁትን ብቻ መተካት፣ ሁለተኛው ሁሉንም ቆርጦ ኪቦርዱን እስከ ሞላዎቹ መበተን። ጥቂት ብቻ ከወደቁና አጻጻፉ ደህና ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃል። ሙሉው መበተን የሚያስፈልገው ፈሳሽ ገብቶበት ሜምብሬኑ መታጠብ ወይም መለወጥ ሲኖርበት፣ ወይም ሪቬቶቹ በአንድ አካባቢ በብዛት ሲረግፉ ነው። ለሁለቱም የኤም 2 ቡሎን 8 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው፣ ዳዶውና የ1.5 ሚሊሜትር ፑንታ ያስፈልጋል። ትራፓኖውን በቀስታ አዙሩት፤ ሲፈጥን ፕላስቲኩ ይቀልጥና ፑንታው መንገዱን ይስታል። ሙሉውን ስትሠሩ ቁልፎቹ ወደ ታች እንዳዩ ጠረጴዛው ላይ ይቆዩ፤ ላሜራው ተነሥቶ ቢገለበጥ መዶሻዎቹ ከነሞላቸው ይረግፋሉ።

ይህ ሥራ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ከመቀየሪያው ጋር በአንድ ቀን አትቀላቅሉት። ሁለቱን አንድ ላይ ሠርታችሁ ኪቦርዱ ባይጽፍ ጥፋቱ የት እንዳለ አታውቁም። በመጀመሪያ መቀየሪያውን ሠርታችሁ ሁሉም ቁልፍ መጻፉን አረጋግጡ፤ ከዚያ ቡሎኑን ጀምሩ።

ብሉቱዝ ስለማድረግ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። አሮጌው ቦርድ ባትሪ ይጨርሳል፤ ገመድ አልባ እንዲሆን ዋናው ቦርድ መውጣት አለበት ማለት ነው። 2 ኪሎ የሚመዝን ነገር ደግሞ ከጠረጴዛው አይነሣም፤ ገመዱ አያስቸግረውም።

በእጃችሁ ባለው ስትወስኑ

ሞዴል ኤም ኖሯችሁ፣ ደህና የሚሠራ ከሆነና የምትፈልጉት መጻፍ ብቻ ከሆነ፣ ጥሩ የተዘጋጀ መቀየሪያ ገዝታችሁ የሺፍቱን ፍተሻ አድርጉ። የዊንዶውስ ቁልፍ ሲናፍቃችሁ ወደ ሁለተኛው መንገድ ትመጣላችሁ፤ ያን ቀን የመጀመሪያው መቀየሪያ ለመለዋወጫ ይቀራል። ኤክስቲ ወይም ባለ 122 ቁልፉ ካላችሁ በቀጥታ ራሳችሁ ሥሩ። ኬብሉ የተበላሸ ግን ቦርዱ የሚሠራ ኪቦርድ ካላችሁ ሦስተኛው መንገድ ለእሱ ነው፤ ኬብሉ ለማንኛውም መለወጥ ነበረበት። መብራቱ የማይበራ፣ በጥሩ መቀየሪያም የማይናገር፣ ጅራቱ ተጸድቶም ዝም ያለ ከሆነ ብቻ አራተኛውን ያዙ።

የትኛውንም ብትመርጡ ያወጣችሁትን ሁሉ፣ ኬብሉን፣ ቦርዱን፣ ቪቴውን ሳይቀር፣ በአንድ ከረጢት አድርጉት። በላዩ ላይ የኪቦርዱን የክፍል ቁጥርና የከፈታችሁበትን ቀን ጻፉ፤ የትኛው ሽቦ የትኛው ፒን ላይ እንደገባ የጻፋችሁበትንም ወረቀት አጥፋችሁ አብራችሁ ክተቱት።